የሞተርሳይክል ኦክስጅን ሴንሰርን በመለወጥ የነዳጅ ድብልቅን ማስተካከል፦ የሚቻለውና የማይቻለው

ነዳጅ በኢንጀክተር የሚረጭላቸው ሞተርሳይክሎች በዝቅተኛ ዙር ቀስ ብለው ሲነዱ ይንገራገጫሉ፤ የጋዝ እጀታው ትንሽ ሲከፈትም ፍጥነታቸው ከፍ ዝቅ ይላል የሚል ቅሬታ በአሽከርካሪዎች ዘንድ የቆየ ነው። ለዚህ ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ የተተከለውን የኦክስጅን ሴንሰር ምልክት በመጠኑ መለወጥና የሞተሩ ኮምፒውተር ከወትሮው የበለጠ ነዳጅ እንዲረጭ ማድረግ ነው። ሥራው በሁለት ሬዚስተርና በጥቂት ሽቦ የሚፈጸም ስለሚመስል ብዙዎች ሞክረውታል። ውጤቱ ግን አንድ ወጥ አይደለም። አንዱ ሞተሩ ፍጹም እንደተለወጠ ይናገራል፤ ሌላው ምንም ልዩነት አላየሁም ይላል፤ ሦስተኛው የማስጠንቀቂያ መብራት በርቶበት ወደ ጋራዥ ይሄዳል።

ይህ ጽሑፍ የውጤቱ መለያየት ከየት እንደሚመጣ ከሴንሰሩ የአሠራር ሕግ በመነሣት ለማስረዳት ይሞክራል። የጽሑፉ መነሻ ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ በአብዛኞቹ ሞተርሳይክሎች ላይ ያለው የተለመደው ሴንሰር የድብልቁን መጠን የሚለካ መሣሪያ ሳይሆን ድብልቁ ከአንድ መስመር ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑን ብቻ የሚጠቁም መሣሪያ ነው። ከመስመሩ ርቆ የሚሰጠው ቮልት ስለ ድብልቁ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ሙቀቱ የሚናገረው ይበልጣል። ምልክቱን «በጥቂቱ» ለማዛወር የሚደረገው ሙከራ የሚሰናከለው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

የድብልቁ ምጣኔ

1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል በግምት 14.7 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልገዋል። በተግባር ወደ ሲሊንደሩ የገባው አየር በዚህ ለቃጠሎው በሚያስፈልገው የአየር መጠን ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ላምዳ ይባላል። ላምዳ 1 ከሆነ ነዳጁም አየሩም ሳይተራረፉ ይቃጠላሉ ማለት ነው። ከ1 በላይ ሲሆን አየሩ ይተርፋል፤ ድብልቁም ስስ ይባላል። ከ1 በታች ሲሆን ነዳጁ ይተርፋል፤ ድብልቁም ወፍራም ይባላል። ሞተሩ ከፍተኛውን ጉልበት የሚሰጠው ላምዳ በ0.86 እና በ0.90 መካከል ሲሆን ነው። ነዳጅ ይበልጥ የሚቆጠበው ደግሞ ከ1 ጥቂት ከፍ ሲል ነው። በመሆኑም ላምዳ 1 ለጉልበትም ሆነ ለቁጠባ የመጨረሻው ምርጫ አይደለም። የተመረጠው ለሦስተኛ ዓላማ፣ ማለትም ለጭሱ ማጣሪያ ሲባል ነው።

ባለ ሦስት ተግባር ካታሊቲክ ኮንቨርተር ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ነዳጅን ለማቃጠል ኦክስጅን ይፈልጋል፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ለማፍረስ ደግሞ የኦክስጅን እጥረት ይፈልጋል። እነዚህን ተቃራኒ ሥራዎች ባንድ ጊዜ የሚያከናውነው ድብልቁ በላምዳ 1 ዙሪያ ባለው በጣም ጠባብ ክልል ውስጥ ሲቆይ ብቻ ነው። ካርቡራቶር ድብልቁን በዚህ ክልል ውስጥ ይዞ ሊያቆየው አይችልም። ቦሽ የሠራው የላምዳ ሴንሰር እ.ኤ.አ. በ1976 ለካሊፎርኒያ ገበያ በቀረቡ የቮልቮ መኪኖች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገጠመው ለዚህ ነበር። በሞተርሳይክሎች ላይ የተስፋፋው ዘግይቶ ነው፤ በአውሮፓ ዩሮ 3 የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በሕንድ ደግሞ ቢ.ኤስ. 6 የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ ሲውሉ ሴንሰሩ ከትልልቆቹ አልፎ ወደ ትንንሾቹ ሞተርሳይክሎችም ወረደ።

ሴንሰሩ የሚናገረው

የተለመደው ሴንሰር ጫፍ ከዚርኮኒየም ኦክሳይድ የተሠራ፣ በውስጥም በውጭም በስስ ፕላቲነም የተለበጠ ሸክላ ነው። አንዱ ገጽ ከጭሱ ጋር፣ ሌላው ከውጭ አየር ጋር ይገናኛል። ሸክላው ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል የኦክስጅን አዮኖችን ያስተላልፋል። በሁለቱ ገጾች ያለው የኦክስጅን መጠን ከተለያየ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ቮልት ይፈጠራል። የቮልቱ መጠን የሚገኘው በጀርመናዊው ኬሚስት በቫልተር ኔርንስት ስም በሚጠራው ቀመር ነው፦ የጋዝ ቋሚ ቁጥር በፍጹም ሙቀት ተባዝቶ ለፋራዴይ ቋሚ ቁጥር አራት እጥፍ ይካፈላል፤ የተገኘውም በሁለቱ ገጾች የኦክስጅን ግፊቶች ጥምርታ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ይባዛል።

ቀመሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ሸክላው 700 ዲግሪ ቢሆን ከሎጋሪዝሙ በፊት ያለው ክፍል 0.021 ቮልት ገደማ ነው። ድብልቁ ስስ ሆኖ በጭሱ ውስጥ 1 በመቶ ኦክስጅን ቢተርፍ ጥምርታው 21 ያህል ስለሚሆን ሴንሰሩ የሚሰጠው ከ0.07 ቮልት ያነሰ ነው። ድብልቁ ሲወፍር ግን በፕላቲነሙ ላይ የሚቀረው ነጻ ኦክስጅን የሚቀንሰው በግማሽ ወይም በሩብ ሳይሆን በሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ከአንዱ ጎን 20 ዜሮዎችን ያህል የሚርቅ ጥምርታ ሲገኝ ቮልቱ ወደ 0.9 ይዘላል። ዝላዩ የሚፈጸመው ላምዳ ከ1 በላይና በታች ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ሳይንቀሳቀስ ነው። ኮምፒውተሩም 0.45 ቮልትን መስመር አድርጎ ከዚያ በላይ ያለውን «ወፍራም»፣ ከዚያ በታች ያለውን «ስስ» ብሎ ያነባል።

ከዝላዩ በኋላ ያለው የቮልት መስመር ዝርግ ነው። በዚህ ዝርግ ክፍል ድብልቁ ይበልጥ ቢወፍርም ቮልቱ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው፤ ሙቀቱ ሲለወጥ ግን በብዙ ይለወጣል። በጭሱ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅንና የውሃ ተን ጥምርታ 1 ለ20 በሆነ ወፍራም ድብልቅ ላይ የሙቀት ኬሚስትሪን ስሌት ብንሠራ፣ ሸክላው 430 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን 0.96 ቮልት፣ 830 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ደግሞ 0.79 ቮልት ያህል እናገኛለን። ድብልቁ ግን ያው ነው። በሴንሰሩ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ይህን ልዩነት ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም።

ኮምፒውተሩ የሚያደርገው

ኮምፒውተሩ «ስስ» የሚል ምልክት ሲደርሰው የኢንጀክተሩን የመክፈቻ ጊዜ ቀስ በቀስ ያስረዝማል፤ «ወፍራም» የሚል ሲደርሰው ያሳጥራል። ስለዚህ ድብልቁ አንድ ቦታ ረግቶ አይቆምም፤ በላምዳ 1 ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በውስጡ ባለው የሴሪየም ኦክሳይድ ኦክስጅን እያጠራቀመና እየመለሰ መወዛወዙን ስለሚታገሥ በጭሱ ላይ ችግር አይፈጠርም። ችግሩ የሚሰማው አሽከርካሪው ነው። ነዳጁ በተረጨበትና ሴንሰሩ ጭሱን ባነበበበት ቅጽበት መካከል መዘግየት አለ። በ2,000 ዙር በደቂቃ የሚሽከረከር ባለ አራት ምት ሞተር አንድ ዑደት ለመጨረስ 0.06 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚህ ላይ የጭሱ ጉዞና የሴንሰሩ ምላሽ ይታከላሉ። ዙሩ ባነሰ ቁጥር መዘግየቱ ስለሚረዝም መወዛወዙም ይዘገያል፤ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ሲሊንደር ቀላል ሞተርሳይክል ላይ ደግሞ እንደ መንገራገጭ ይሰማል።

በአሽከርካሪዎች ዘንድ «ላምዳ 1 ሞተሩን ያቃጥላል» ሲባል ይሰማል። ይህ አባባል እንደ ተነገረው ትክክል አይደለም። የጭሱ ሙቀት ከፍተኛ የሚሆነው በላምዳ 1 አካባቢ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ በሴንሰሩ የሚመራው ሞተሩ ቀላል ጭነት ሲኖርበት ነው። ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሴንሰሩን ትቶ በማኅደረ ትውስታው ወደተጻፈው፣ አስቀድሞ ወፍራም ወደሆነው የነዳጅ ሠንጠረዥ ይሄዳል። የቅሬታው እውነተኛ ምክንያት ሌላ ነው። ነበልባል በፍጥነት የሚሄደው ላምዳ 0.9 አካባቢ ሲሆን ነው። ጋዙ በጥቂቱ ሲከፈት በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀረው ያለፈው ዑደት ጭስ ብዙ ስለሆነ ነበልባሉ ቀድሞውንም ዘገምተኛ ነው። ከ4 እስከ 5 በመቶ ነዳጅ ቢጨመር ቃጠሎው ከዑደት ዑደት ይበልጥ ይመሳሰላል፤ ሞተሩም ይረጋጋል። አሽከርካሪዎች ለወጥን ብለው የሚመሰክሩት ስሜት ሐሰት አለመሆኑን መቀበል ይገባል።

ምልክቱን ለመለወጥ የሚደረጉ ሙከራዎች

በጣም የተለመደው የተሳሳተ ሙከራ በምልክት ሽቦው ላይ አንድ ሬዚስተር በተከታታይ መግጠም ነው። የኮምፒውተሩ መግቢያ በራሱ እጅግ ከፍተኛ ተቃውሞ ስላለው በሽቦው የሚያልፈው ከረንት ከምንም አይቆጠርም፤ ከረንት ከሌለ ደግሞ ሬዚስተሩ ቮልት አይቀንስም። ምንም ለውጥ አላየሁም የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ይህን የሠራ ነው።

ሁለት ሬዚስተሮችን በመጠቀም፣ አንዱን በተከታታይ፣ ሌላውን ከምልክቱ ወደ መሬት ሽቦ በማገናኘት ቮልቱን መክፈል ግን ይሠራል፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ። ኮምፒውተሩ የሚያነበው ሴንሰሩ ከሰጠው 60 በመቶውን ብቻ ይሁን እንበል። 0.45 ቮልት እንዲታየው ሴንሰሩ 0.75 መስጠት አለበት። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ድብልቁን እያወፈረ ይሄዳል። ነገር ግን ከላይ እንደተመለከትነው ከ0.45 እስከ 0.7 ቮልት ያለው ርቀት ቀጥ ያለው ገደል ነው፤ በዚያ ላይ የድብልቁ ለውጥ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ከ0.75 በላይ ለመሄድ ሲሞከር ደግሞ ሙቀት ወደሚገዛው ዝርግ ክፍል ይገባል። በዚህ ክፍል ዒላማውን ለምሳሌ 0.80 ቮልት ላይ ብናስቀምጠው፣ ሴንሰሩ ቀዝቀዝ ሲል ያ ቮልት የሚገኘው ድብልቁ ላምዳ 1ን ገና እንዳለፈ ነው፤ ሴንሰሩ በጣም ሲግል ግን ያንኑ ቮልት ለማግኘት በግልጽ የወፈረ ድብልቅ ያስፈልጋል። በከተማ ቀስ ብሎ ሲነዳ፣ ማለትም ማወፈሩ በሚፈለግበት ጊዜ፣ ለውጡ ትንሽ ይሆናል፤ በረጅም መንገድ ሞተሩ ሲግል፣ ማወፈሩ ብዙም በማይፈለግበት ጊዜ፣ ለውጡ ይበዛል። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የተስተካከለ ነገር መንገድ ላይ ያው ሆኖ አይገኝም።

በዚህ ላይ ሁለት እክሎች ይጨመራሉ። ሴንሰሩ ሲቀዘቅዝ የራሱ ውስጣዊ ተቃውሞ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ወደ መሬት የተገናኘው ሬዚስተር ምልክቱን ወደ ዜሮ ይጎትተዋል። ብዙ ኮምፒውተሮች ሴንሰሩ እስኪግል ድረስ በሽቦው ላይ 0.45 ቮልት ያህል ያቆያሉ፤ ያ ቮልት ሲወርድ ሴንሰሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል። በተጨማሪም በ60 በመቶ የተከፈለው ምልክት ከፍተኛው 0.54 ቮልት ብቻ ነው። ራሱን የሚመረምር ኮምፒውተር ከዚህ የበለጠ ዝላይ ስለሚጠብቅ የማስጠንቀቂያ መብራቱን ቢያበራ አያስገርምም።

ሴንሰሩን ፈጽሞ መንቀልና በቦታው ማሞቂያውን የሚያስመስል ሬዚስተር መሰካት ሌላው መንገድ ነው። ይህ ኮምፒውተሩን ወደ ሠንጠረዡ ብቻ ይመልሰዋል። ሠንጠረዡ ለአዲስ ሞተር፣ ለታወቀ ነዳጅ የተጻፈ ስለሆነ ኢንጀክተሩ ሲያረጅ ወይም የአየር ማጣሪያው ሲቆሽሽ የሚያርመው የለም።

ከሴንሰሩ ይልቅ የመግቢያ አየር ሙቀት መለኪያውን ማታለልም ይሠራበታል። መለኪያው ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው የሚጨምር ስለሆነ በተከታታይ የተገጠመ ሬዚስተር አየሩ ከእውነቱ ይልቅ ቀዝቃዛና ጥቅጥቅ ያለ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። ነገር ግን ኦክስጅን ሴንሰሩ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ የተጨመረውን አይቶ ያስቀንሰዋል። እርማቱን የማያስታውስ ኮምፒውተር ከሆነ ሞተሩ ሲነሣ፣ ፍጥነት ሲጨምርና ጋዙ ሙሉ ሲከፈት ጥቅሙ ይቀራል። እርማቱን የሚያስታውስ ከሆነ ግን፣ 6 በመቶ ቢጨመር 6 በመቶ መቀነስን ተምሮ በሌላውም የሥራ ክልል ይተገብረዋል፤ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል። ባትሪው ተነቅሎ በተመለሰ በጥቂት ቀናት ጊዜ «ጥሩ ነበር፣ ከዚያ ጠፋ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ትምህርት የኦክስጅን ሴንሰሩ ምልክት ሲለወጥ በተቃራኒው ይሠራል። ኮምፒውተሩ በቀላል ጭነት 4 በመቶ መጨመርን ከተማረ፣ ሴንሰሩን በማይሰማበት በሙሉ ጋዝ ጊዜም፣ አስቀድሞ ወፍራም በሆነው ሠንጠረዥ ላይ 4 በመቶ ሊጨምርበት ይችላል። በዚያ ክልል መጨመሩ ጉልበት አይሰጥም፤ ካንዴላውን ያጠቁራል እንጂ።

የተሻለው መንገድ

ጠባቡ ሴንሰር መቀያየሪያ ከሆነ፣ በእርግጥ የሚለካ መሣሪያ ማግኘት ግድ ይላል። ሰፊ ክልል የሚያነበው የላምዳ ሴንሰር በውስጡ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው እንደ ተለመደው ሴንሰር ላምዳ 1ን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ወደ ትንሿ ክፍተት ኦክስጅን እየገፋ ወይም እያወጣ በዚያ ውስጥ ላምዳ 1 እንዲጠበቅ ያደርጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከረንት ከድብልቁ ጋር ስለሚመጣጠን ቁጥር ይሰጣል። የቦሽ ኤል.ኤስ.ዩ. 4.9 ሸክላውን 780 ዲግሪ አካባቢ አጽንቶ ስለሚይዝ ከላይ የተነሣው የሙቀት ችግር በአብዛኛው ይወገዳል።

ይህን የሚያንቀሳቅሱ መቆጣጠሪያዎች አንዳንዶቹ የጠባቡን ሴንሰር ምልክት የሚያስመስል መውጫ አላቸው። ዝላዩ የሚፈጸምበትን ላምዳ ባለቤቱ ይወስናል፤ 0.96 ብሎ ከመረጠ ኮምፒውተሩ 0.96ን ላምዳ 1 መስሎት በዚያ ዙሪያ ይወዛወዛል። ምልክቱ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ሙሉ ዝላይ ስላለው የስህተት መብራት የሚያበራ ምክንያት አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2004 ገበያ የወጣው የቢ.ኤም.ደብሊው አር 1200 ጂ.ኤስ. ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች በግራና በቀኝ የተዘረጉ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሴንሰር አላቸው። ስለዚህ የአንዱን ብቻ ምልክት መለወጥ ሁለቱ ሲሊንደሮች በተለያየ ድብልቅ እንዲሠሩ ያደርጋል፤ ለማስወገድ የተፈለገውን መንገራገጭ የሚያባብስ ሥራ ነው። ከተለወጠ ሁለቱም እኩል መለወጥ አለባቸው።

ላምዳ 0.96 ማለት ለተመሳሳይ አየር 4 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ነዳጅ ማለት ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ለሚፈጅ ሞተር 0.2 ሊትር ያህል ይሆናል። ወጪው ለአሽከርካሪው ከባድ አይደለም። ከባዱ ወጪ በጭሱ ላይ ነው። በ4 በመቶ የኦክስጅን እጥረት ጊዜ ከሞተሩ በሚወጣው ደረቅ ጭስ ውስጥ የሚኖረው ካርቦን ሞኖክሳይድ በስሌት ከመቶ አንድ እጅ ያልፋል። ኮንቨርተሩ ይህን ለማቃጠል የሚያስፈልገው ኦክስጅን የለውም፤ ስለዚህ አብዛኛው እንዳለ ወደ ውጭ ይወጣል። የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ማጣሪያው ግን አይጎዳም። ጭስ አይታይም፣ ሽታም እምብዛም አይሰማም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውምና። የአሽከርካሪው ምቾት ዋጋ የሚከፈለው ከኋላው ባለው ብስክሌተኛና በመንገዱ ዳር በቆመው ሰው ሳንባ ነው። በአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ የልቀት መቆጣጠሪያን መነካካት የከለከለውም ስለዚሁ ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት ለውጡ ኮንቨርተር በሌለው ወይም ለውድድር ብቻ በሚያገለግል ሞተርሳይክል ላይ ሊደገፍ ይችላል፤ በትራፊክ በተጨናነቀ ከተማ ለሚነዳ ግን አይመከርም።

ስለ ከፍታና ስለ ኤታኖል

በአገራችን ለለውጡ የሚቀርበው ምክንያት ከከፍታ ጋር የተያያዘ ነው፦ በአዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ድብልቁ ይበላሻል ይባላል። ነገሩ ለካርቡራቶር እውነት ነው፤ አቅጣጫው ግን ከሚባለው ተቃራኒ ነው። በ2,355 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ጥግግቱም ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 79 በመቶ ያህል ነው። ካርቡራቶር ነዳጅ የሚስበው በጥግግቱ ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ፣ በባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራቶር አዲስ አበባ ላይ 12 በመቶ ያህል ይወፍራል እንጂ አይሳሳም። ኦክስጅን ሴንሰር ያለው ሞተር ደግሞ ይህን ራሱ ያርማል። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ሲወረድ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ ሴንሰሩ መንገድ ላይ እያለ ድብልቁን ወደ ላምዳ 1 ይመልሰዋል።

ምናልባት «ሴንሰሩ ራሱ የሚያነጻጽረው ከአካባቢው አየር ጋር ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ አይሳሳትም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በቀመሩ ውስጥ አለ። የውጭው ኦክስጅን ግፊት በሩብ ቢቀንስ የሎጋሪዝሙ ለውጥ 0.28 ያህል ብቻ ነው፤ በ0.021 ቮልት ሲባዛ 0.006 ቮልት ይሆናል። የዝላዩ ቁመት ከ0.8 ቮልት በላይ በሆነበት መሣሪያ ይህ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ለከፍታ ተብሎ የሴንሰሩን ምልክት መለወጥ ያልታመመን ማከም ነው።

ኤታኖልም በተመሳሳይ መንገድ ይታያል። በአዲስ አበባ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል በቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ መቀላቀል የተጀመረው በ2001 ዓ.ም ሲሆን በኋላም ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኤታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስላለው ለቃጠሎ የሚፈልገው አየር 9 እጥፍ ብቻ ነው፤ 10 በመቶ ያለበት ቤንዚን የሚፈልገው 14.1 ገደማ ይሆናል። ለንጹሕ ቤንዚን የተስተካከለ ካርቡራቶር በዚህ ነዳጅ 4 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ይህም ከላይ በተጠቀሰው የከፍታ መወፈር ውስጥ ይዋጣል። ሴንሰር ያለው ሞተር ግን የጭሱን ኦክስጅን እንጂ የነዳጁን ስም አያይምና ልዩነቱን ራሱ ያካክሳል።

ከለውጡ በፊት መፈተሽ ያለበት

ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅንን ነው፤ ኦክስጅኑ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ከሴንሰሩ በፊት ባለው የጭስ ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ስንጥቅ ወይም የተበላሸ ጓርኒሲዮን ካለ፣ በተለይ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ላይ፣ በጭሱ ምቶች መካከል የሚፈጠረው ስበት የውጭ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። ሴንሰሩ «ስስ» ይላል፤ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። ካንዴላው ሳይተኩስ ሲቀርም ያልተቃጠለው ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ያልተቃጠለው ኦክስጅንም ስለሚወጣ ንባቡ «ስስ» ነው፤ ኮምፒውተሩ ለታመመው ሲሊንደር ነዳጅ ይጨምርለታል። ማርሚታ ከተቀየረ በኋላ የሚመጣ የነዳጅ ብክነት ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ ምልክቱን ወደ ወፍራም መግፋት ስህተት በስህተት ላይ መጨመር ስለሆነ አስቀድሞ መጋጠሚያዎቹ በሳሙና ውሃ፣ ካንዴላውና ገመዱ በተገቢው መሣሪያ ሊፈተሹ ይገባል።

ሽቦዎቹን በሚመለከት፣ በቦሽ ባለ አራት ሽቦ ሴንሰሮች ጥቁሩ የምልክት፣ ግራጫው የምልክት መሬት ሲሆን ሁለቱ ነጮች የማሞቂያው ናቸው። ሌሎች አምራቾች ሌላ ቀለም ስለሚጠቀሙ የአገልግሎት መጽሐፉን ሳያዩ መቁረጥ አይገባም። የምልክቱ መሬት ከሞተሩ ብረት ጋር መነካካት የለበትም፤ ከተነካካ የማሞቂያውና የማቀጣጠያው ከረንት በንባቡ ላይ የሐሰት ቮልት ይጨምራል። መጋጠሚያ ላይ ተራ ሲልከን መለጠፍም ሸክላውን ይመርዛል፤ የሲልከን ተን በፕላቲነሙ ላይ ብርጭቆ መሰል ሽፋን ስለሚጥል ሴንሰሩ ቀስ በቀስ ይደነዝዛል።

ሰፊ ክልል የሚያነበው ሴንሰር የሚተከል ከሆነ ቀዳዳው ከአግድም መስመር ቢያንስ 10 ዲግሪ ከፍ ብሎ መዘንበል አለበት። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ በቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው የውሃ ጤዛ በዚያ ዝንባሌ ወደ ታች ይወርዳል፤ ካልወረደ በጋለው ሸክላ ላይ ያርፍና በአንድ ጠዋት ይሰነጥቀዋል።